የእንድርያስ ሳል

ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አዲስ አበባ
ሐሙስ፣ ሰኔ ፲፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

የኔ እናት፣ የአብስራዬ፣

ፖስታው ላይ በትልቁ «ሰው ጠርተሽ ክፈቺው» ብዬ ጽፌያለሁ። አጠገብሽ ሰው ከሌለ ወረቀቱን መልሰሽ እጠፊውና ያችን ከአንቺ በታች የምትኖረውን የወልቂጤ ልጅ ጥሪያት። ሶፊያ ነበር ስሟ? እሷ እስክትመጣ ደብዳቤው የትም አይሄድም።

መጣች? ደግ።

ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ «እኛ ሁላችን ደህና ነን» ብሎ ይጀምራል። እኔም እንደ ወጉ ልጀምር ብዬ እስክሪብቶውን ሦስት ጊዜ አነሳሁ፣ ሦስት ጊዜ አስቀመጥኩት። ስምንት ወር ሙሉ በስልክ ስልሽ የኖርኩት ይህንኑ ቃል ነው፤ አሁን ሳስበው የሻገተ እንጀራ እንደጎረሰ ሰው ያቅለሸልሸኛል። «አባዬን አቅርቢልኝ» ባልሽኝ ቁጥር «ተኝቷል»፣ «ሊያስቀድስ ሄዷል»፣ «ድምፁ ተዘግቷል» እያልኩ ስመልስሽ ከርሜያለሁ። እውነተኛውን መልስ ዛሬ እጽፍልሻለሁ። የመመረቂያ ፊልምሽን ከላክሽልኝ ወዲህ መደወል ማቆምሽን አይቻለሁ። «በሐምሌ መምጣቴን እንጃ» ብለሽ የጻፍሽውንም ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። እውነቱን ካልነገርኩሽ አንቺንም እንደማጣሽ ገብቶኛል።

ግን እናትሽን ታውቂያታለሽ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሆቴልና የምግብ ቤት ንጽህና ስቆጣጠር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ማንኛውንም ቤት ማየት የምጀምረው ከማድቤቱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ስለ ፊልምሽ ማድቤት አንድ ሁለት ነገር ልበል፤ ካልተናገርኩት ያንቀኛል።

ኤጭ! ምን ዓይነት ማድቤት ነው እሱ? ድመቷ ጠረጴዛው ላይ ወጥታ ዳቦው አጠገብ ራሷን ትልሳለች። አሮጊቷ ድመቷን ባባረረችበት ፎጣ ሳህን ታደርቃለች። ወተቱ መስኮት ላይ ውሎ አድሯል፤ ላዩ ላይ የጋገረውን ሳየው ከቴሌቪዥኑ ውስጥ ሸተተኝ። ቋሊማ የተከተፈበት ሾርባ ደግሞ፣ ያውም በሰኔ ጾም፣ ዓይኔ ሥር ይንተከተካል። ይሄ ሁሉ ይሁን። ሴትዮዋ ሾርባውን በማንኪያ ቀመሰች፣ ማንኪያውን ግራና ቀኝ ላሰችው፣ መልሳ ድስቱ ውስጥ ከተተችው! «ወግጂ!» ብዬ ጮህኩ። በሥራዬ ዘመን ቢሆን ያን ቤት በዚያው ሰዓት አሽጌ ነበር የምወጣው። ጎረቤታችን ሰሚራ «እትዬ ጠጅቱ፣ ፊልም እኮ ነው፤ የፈረንጅ ማድቤት ከዚህ ሆኖ አይታሸግም» እያለች በሳቅ ሞተች።

ያየነው እሁድ ነው፣ ከቅዳሴ መልስ። ፊት ለፊታችን የምትኖረው ሰሚራ በቴሌግራም የላክሽውን ፍላሽ ላይ ገልብጣ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካችልኝ። አጎትሽ እንድርያስም ቆሎ በላስቲክ ይዞ መጣ። አፉን ከፍቶ የሚያኝክ ወንድም እግዜር ከሰጠኝ ምን ላድርግ፤ ከሶፋው ወዲያኛው ጫፍ ሄጄ ተቀመጥኩ። የአባትሽ ወንበር ባዶውን ነበር። እንድርያስ ሊቀመጥበት ሲል በዓይኔ መለስኩት።

አሥራ አራት ደቂቃ፣ ሁሉም በምትማሪበት አገር ቋንቋ፣ በሀንጋሪኛ፣ ከሥር ጽሑፍ የሌለው። ከሦስታችን አንዲት ቃል የሚያውቅ የለም።

እንዲህ ያለ ፊልም መተርጎም የአባትሽ ሥራ ነበር። ትዝ ይልሻል? ትንሽ ሆነሽ የህንድ ፊልም ሊያሳይሽ ይዞሽ ሲሄድ፣ አንዲት የህንድ ቃል ሳያውቅ፣ ጆሮሽ ላይ ተደፍቶ ከዳር እስከ ዳር ይተረጉምልሽ ነበር። «አሁን እናቱ ምን አለችው መሰለሽ፣ 'ያችን ልጅ ካገባህ ዳቦ ቤቱን ለአጎትህ ነው የማወርሰው' አለችው» ይልሻል። ዳቦ ቤቱን ከየት እንዳመጣው እግዜር ይወቅ። ከኋላ የተቀመጡት ሰዎች ሳይቀሩ «ጋሼ፣ እስቲ ትንሽ ጮክ ይበሉልን» ይሉት ነበር ብለሽ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። «ቋንቋ ለሰነፍ ተመልካች ነው፤ አንቺ እጃቸውን እዪ» ይልሽ ነበር። እኔ ከእናንተ ጋር አልሄድም፤ የሲኒማ ቤቱ መቀመጫ ላይ ስንት ሰው እንዳላበው ሳስብ ይቀፈኝ ነበር። አሁን ሳስበው በንጽህና የተነሳ ብዙ ነገር አምልጦኛል።

እናም እሁድ ዕለት እንደሱ ምክር እጃቸውን አየሁ።

አንዲት ወጣት ልጅ ካፖርቷ ላይ በረዶ ይዛ መጥታ በር ታንኳኳለች። አሮጊቷ ከመክፈቷ በፊት ምን አደረገች? ጥቁር ሻሏን ከትከሻዋ ገፍፋ መሳቢያ ውስጥ ወሸቀች፤ አበባ ያለበት ሻርፕ አውጥታ አሰረች፤ ሁለት ጉንጮቿን ቆነጠጠች፤ ፈገግ አለች፤ ከዚያ ከፈተች። ያን ጊዜ እኔ ምንም አልገባኝም። ሰሚራ ግን መሳቋን አቆመች።

ልጅቷ ወደ ውስጠኛው ክፍል ስታመራ አሮጊቷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ቀድማ በሩ ላይ ትቆማለች። ልጅቷ ትመለሳለች። በሩ ሥር የወንድ ጫማ አለ፣ ጥቁር፣ ማሰሪያው ያልታሰረ። አንቺ ደግሞ ካሜራሽን እዚያ ጫማ ላይ ተክለሽ አልነቃነቅ አልሽ! አቧራው በጣት ይጻፍበታል። «ይህን ጫማ የሚጠርግ ሰው ከዚህ ቤት ጠፋ?» አልኩ።

ከዚያ ከበሩ ማዶ ሰው አሳለ። ሁለት ጊዜ፣ ትንሽ ቆይቶ አንድ ጊዜ። ልጅቷ ቀና ብላ ሰማችውና ሾርባዋን መብላት ቀጠለች። አሮጊቷ አንድ ሳህን ሾርባ በትሪ ይዛ ወደ ክፍሉ ትገባለች፤ በሩን ከኋላዋ ትዘጋለች፤ ባዶ ሳህን ይዛ ትወጣለች። በሌላ ቀን ልጅቷ ደግሞ ትመጣለች። ያው ሻርፕ፣ ያው ጣት፣ ያው ሳል፣ ያው ባዶ ሳህን። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ግን ልጅቷ በመጣች ቁጥር ወንበሯን በአንድ እርምጃ ወደ በሩ ታስጠጋለች። አሮጊቷ ታያለች። ወንበሩ ወለሉ ላይ ሲጢጥ ሲል እኔ ጥፍሬን መብላት ጀመርኩ። እኔ ጠጅቱ፣ ስንቱን አስተናጋጅ ጥፍሩን ካላሳየኝ አላሳልፍ ያልኩ ሴት!

«በማርያም፣ ገድላዋለች!» አለ እንድርያስ። «ሬሳው አልጋው ላይ ነው።»

«ሬሳ ያስላል እንዴ ጋሽ እንድርያስ? ዝም ብለው ይዩ እንጂ» አለችው ሰሚራ።

ሳሉ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ እንድርያስ ማኘኩን አቆመ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ቆሎውን እንደጨበጠ ቀረ። ዞሬ አየሁት፤ ፊቱ አመድ መስሏል። እኔም ያኔ ለየሁት። የራሱ ሳል ነበር። ፈረንጅ ቤት ውስጥ፣ ከፈረንጅ በር ጀርባ የሚያስለው የእናቴ ልጅ እንድርያስ ነበር።

ነገሩን ታውቂዋለሽ፤ ከእኔ አፍ ግን አልሰማሽውምና ልጻፈው። በጥር ወር አንድ ቀን ደውለሽ «እማዬ፣ መናገር ካቃተው ትንፋሹን እንኳ አሰሚኝ» ብለሽ አለቀስሽ። እኔም «ይኸው፣ እያሳለ ነው፣ ስሚው» አልኩሽና ስልኩን ወደ እንድርያስ አዞርኩት። እሱ የአባትሽ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። አሳለ። አንቺም ከወዲያ ሆነሽ «አባዬ፣ እግዜር ይማርህ» አልሽው። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ሲያስልልሽ ከረመ። ለካ አንቺ ድምፁን ትቀጂው ነበር።

ሻርፑም የሰሚራ ነው። በቪዲዮ ላነጋግርሽ ስል ጥቁሬን አውልቄ የሷን ባለ አበባ ሻርፕ አስር ነበር። ሁልጊዜ ታጥቦ ተተኩሶ ነው የሚመጣልኝ፤ ሰሚራ ንጹሕ ሴት ናት። ውሸቴ ብቻ ነበር የቆሸሸው።

ከዚያ ካሜራሽ ክፍሉ ውስጥ ገባ። አልጋው ተነጥፏል፤ ሰው የለበትም። ትራሱ ላይ ትንሽ የድምፅ መቅረጫ ተጋድሟል፤ የሚያስለው እሱ ነው። አሮጊቷ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ የባሏን ሾርባ እየተጣደፈች ትበላለች። አገጯ ላይ ይፈሳል፤ በእጅጌዋ ትጠርገዋለች፤ ማንኪያው ሳህኑን እንዳይነካ እየተጠነቀቀች ሳታኝክ ትውጣለች። ልጄ፣ በሥራዬ ብዙ አስጸያፊ ነገር አይቻለሁ። የአይጥ ኩስ ያለበት ዱቄት፣ ስንት ጊዜ ተጠብሶበት የጠቆረ ዘይት፣ ትል የወጣው ሥጋ አይቻለሁ። እንደዚያች ሴት አበላል ያስጸየፈኝ ግን የለም። ተነስቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁና አስመለስኩ። ሰሚራ ፊልሙን አቁማ ጠበቀችኝ።

ስመለስ ልጅቷ በሩ ላይ ደርሳለች። እጇ እጀታው ላይ ነው። ከውስጥ አሮጊቷ ማንኪያውን አፏ ውስጥ እንደያዘች ደርቃለች። «አትክፈቺው፣ አትክፈቺው» እላለሁ እኔ፣ አማርኛ የሚሰማኝ ይመስል። አልከፈተችውም። ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ ሁለት አጫጭር ነገር ተናገረች። ከዚያ ቁጢጥ ብላ የጫማውን አቧራ በእጅጌዋ ጠረገች፣ ግራና ቀኙን አስተካክላ አስቀመጠችው፣ ካፖርቷን ለብሳ ወጣች። አሮጊቷ ማንኪያውን ከአፏ አወጣች። አለቀ።

«ፈቃደ፣ ምን አለቻት?» አልኩ፣ ወደ ወንበሩ ዞሬ።

አፌ ነው የቀደመኝ። ወንበሩ ባዶ ነው። ሰሚራ የሻርፗን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች፤ እንድርያስ የጨበጠውን ቆሎ ላስቲኩ ውስጥ መለሰ። በእጁ ያላበውን ቆሎ! በዚያች ሰዓት እንኳ አላለፈኝም።

ስለ ሁለቱ አጫጭር ነገሮች ተከራከርን። ሰሚራ «በሩን ክፈቺልኝ ነው ያለቻት» አለች። እንድርያስ «ፖሊስ እጠራለሁ ብላታለች» አለ፤ እያለም ዓይኔን አላየም። ሰኞን ሙሉ እህል አልወርድ አለኝ። ማንኪያ ባነሳሁ ቁጥር ያች ሴትዮ ትመጣብኛለች።

ማክሰኞ ጠዋት ስልኬን ይዤ አቶ ገብረጊዮርጊስ ጋ ሄድኩ። ብሎክ ዘጠኝ የሚኖሩት የእንስሳት ሐኪም ናቸው፤ በደርግ ጊዜ ሀንጋሪ ተልከው ስድስት ዓመት ተምረዋል። በሥራ ዘመናችን እሳቸው ከብቱን ሳይታረድ ይመረምራሉ፣ እኔ ሥጋው ማድቤት ሲደርስ እመረምራለሁ፤ ትውውቃችን የዚያ ነው። የመጀመሪያውን ቃል ሲሰሙ እንደ ልጅ ሳቁ። «ይህን ቋንቋ ሰው ሲናገረው ከሰማሁ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ያከራየችኝ አሮጊት ልክ እንዲህ ነበር የምትቆጣኝ» አሉ፤ ዓይናቸውም እንባ ሞላ።

አሮጊቷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ምን እንደምትል ጠየቅኳቸው።

«'ተኝቷል፣ አትቀስቅሺው፤ ሲያስል ነው ያደረው' ትላለች።»

የኔ ቃል ነው። እንደወረደ የኔ ነው። ከአፌ አውጥተሽ ለዚያች ፈረንጅ አጎረስሻት።

የመጨረሻውን ሦስት ጊዜ መላልሰው ሰሙት። ጆሯቸው ደክሟል፤ ስልኩን ወደ ጆሯቸው ለጥፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ልጅቷ ያለቻት እንዲህ ነው» አሉ። «'አውቃለሁ። ብቻሽን አትብዪ።'»

ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ወይዘሮ ጠጅቱ፣ ለልጅቷ እስካሁን አልነገራችኋትም እንዴ?»

ዓይኔን ወደ ስልኩ ሰበርኩ።

«እኔ በበሽተኛ በሬ ላይ ማኅተም መትቼ አላውቅም። እርስዎም በቆሸሸ ማድቤት ላይ እንደማይፈርሙ አውቃለሁ። ታዲያ ይህን እንዴት አሳለፉት?»

ተነስቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ስገባ መልእክትሽን መልሼ አየሁት። ስምንት ወር ሙሉ የላክሽው ሁሉ «እማዬና አባዬ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ከፊልሙ ጋር የላክሽው ግን «እማዬ፣ ይህ ላንቺ ነው» ይላል። እማዬ ብቻ። ዓይኔ ላይ ነበር፤ አላየሁትም።

እንግዲህ፣ የአብስራ ልጄ፣ የሶፊያን እጅ ያዢ።

አባትሽ ፈቃደ ጥቅምት አሥራ አራት ቀን ሐሙስ ጠዋት ሞተ። ሻዩን ጠጥቶ፣ ጫማውን ቀብቶ፣ ማሰሪያውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ በዚያው ቀረ። አልተሰቃየም፤ ያን ዕለት ጠዋት አንድ ጊዜም አላሳለም። ፍትሐቱ ልደታ ማርያም ተደረገለት። ድንኳኑ ብሎካችን መሃል ሦስት ቀን ቆመ፤ ጎረቤቱ ሁሉ አለቀሰለት፤ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ አቶ ገብረጊዮርጊስ ነበሩ። አርባውንም አውጥተናል። ከሁሉ ይልቅ የሚገባሽ አንቺ ግን አልነበርሽም።

አልቅሺ። እጠብቅሻለሁ።

ሬሳው ሳይወጣ ሳሎናችን ውስጥ የዕድሩ ሰዎችና እንድርያስ ተሰብስበው ስለ አንቺ መከሩ። «ልጅቷ በሰው አገር ብቻዋን ናት፤ ፈተና ላይ ናት፤ መርዶ በስልክ አይነገርም። ስትመጣ ሰው ተሰብስቦ፣ እጇ ተይዞ፣ በወጉ ይነገራታል» አሉ። ክፋት የለበትም፤ ስንቱን ልጅ ከመውደቅ ያዳነ ወግ ነው። እኔም እሺ አልኩ። ፈተናሽ አለቀ፤ «የመመረቂያ ፊልሟን ትጨርስ» አልን። ፊልሙን ጀመርሽ፤ «ሐምሌ ቅርብ ነው» አልን። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኛው እያደር ከበደ።

እሁድና ሰኞን እንድርያስን ስጸየፈው ዋልኩ። በሟች ወንበር ተቀምጦ በሟች ሳል ማሳል! ግን ለአንቺ ደግሜ አልዋሽም። ሳሉን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የሱ የራሱ ሳል ቀጭን ነበርና «ከደረትህ አድርገው፤ ሁለት ጊዜ፣ ትንሽ ቆይተህ አንድ ጊዜ» አልኩት። እንደ መዝሙር አስጠናሁት። አንድ ነገር ግን ሁለታችንም ረሳን። አባትሽ ሳሉን ሲጨርስ «ኡፍ፣ ልደታዬ» ይል ነበር። ሠላሳ ዓመት ጎኔ ሆኖ ሲለው የኖረውን እኔ ሚስቱ ረሳሁት። አንቺ አልረሳሽውም። የገባሽ በዚያ ይመስለኛል።

ደግሞ ለፈተናሽ ስል ብቻ አልነበረም። ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። «አባዬ ምሳ በላ?» ስትዪኝ «በላ፤ ደግሞ ጨምርልኝ አለ» ስልሽ ደስ ይለኝ ነበር። ስልኩ እስኪዘጋ ድረስ ፈቃደ በልቶ ጠግቦ ጋደም ብሏል። ልደታ ሙሉ ቀብሮታል፤ አንቺ ዘንድ ብቻ ግን ነፍሱ አለች። ከዚያም ላወጣው አልፈለግኩም። ያንቺን ኀዘን ተደብቄ ስበላ የከረምኩት እኔ ነኝ የአብስራ፣ እንደዚያች ሴትዮ፣ በአገጬ እየፈሰሰ። እሁድ ያስመለሰኝ የሷ ሾርባ አልነበረም። ይቅር በይኝ።

ትናንት እንድርያስን ጠርቼ እንደምጽፍልሽ ነገርኩት።

«መርዶ በወረቀት? እትዬ፣ አብደሻል? ነውር እኮ ነው!» አለ።

«ስምንት ወር በስልክና በሳል ከዋሸናት፣ በወረቀት እውነቱን ብንነግራት የቱ ነው ነውሩ?»

«በስልክ እንኳ ንገሪያት። ድምፅሽን ትስማ።»

«ስልኩን ተጸይፌዋለሁ» አልኩት። «እሷም ከዚያ ዕቃ ውስጥ የሚወጣ ድምፅ ደግማ አታምንም። ጽሕፈቴን ግን ታውቀዋለች።»

እንድርያስ «'አባዬ፣ እግዜር ይማርህ' ስትለኝ ማቆም ነበረብኝ» ብሎ እንደ ሴት ልጅ ተንሰቀሰቀ። በእጁ ሊናፈጥ ሲል ሶፍት ሰጠሁት። ይቅርታሽን ይፈልጋል፤ ትሰጪው እንደሆነ በራስሽ ጊዜ ስጪው።

አሁን ስለ ሥራሽ። እንደ ተቆጣጣሪ ስፈርድ ማድቤቱ አያልፍም። ድመቷ ትውጣ፣ ወተቱ ይደፋ፣ ያ ፎጣ ይቃጠል። ፊልሙ ግን ያልፋል። አንዲት ቃል ሳይገባኝ ጥፍሬን አስበላኝ፤ አንዲት ቃል ሳይገባኝ የገዛ ቤቴን አሳየኝ። አባትሽ ቢኖር ኖሮ ሁሉንም አሳስቶ ይተረጉምልኝ ነበር፤ አሮጊቷን ዳቦ ቤት ያወርሳት ነበር። ግን ያስተማረሽን ሁሉ አይቼበታለሁ። እጃቸውን አየሽ፣ እኔንም አሳየሽኝ። ኮርቼብሻለሁ። እየተጸየፍኩ ኮርቼብሻለሁ፤ ሁለቱ አብረው እንደሚኖሩ አላውቅም ነበር።

ልብሱን ለነዳያን ሰጥቻለሁ። ጫማውን ግን አልሰጠሁም፤ ማሰሪያው እንዳልታሰረ መኝታ ቤቱ በር ሥር ነው። ለካ አንቺ ይህንንም በቪዲዮው ከኋላዬ አይተሽዋል። ዛሬ ጠዋት አቧራውን ጠረግኩት፤ በጨርቅ ነው፣ በእጅጌ አይደለም። የመኝታ ቤቱንም በር ከፍቼዋለሁ።

በሐምሌ ነይ። ቦሌ መጥቼ የምቀበልሽ ጥቁሬን ለብሼ ነው፤ ከዚያ አንቺና እኔ እንደገና ከመጀመሪያው እናለቅስለታለን። እስከዚያ ድረስ ቃልሽን ሰምቻለሁ። በሰው ቤት ውኃ እንኳ ቀምሼ እንደማላውቅ ታውቂያለሽ፤ ትናንት ሰሚራ ጋ ገብቼ ምሳ በላሁ። ሽሮ ነው። ማድቤቷን አላየሁም።

የልደታ እናት ባለሽበት ታቅፍሽ። የአባትሽን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን፤ ለአንቺም በምታለቅሺበት ሰዓት ሁሉ የሚይዝሽ እጅ አይጥፋ። ሶፊያንም አመስግኚልኝ፤ የእናቷን ደጅ በሰላም ትርገጥ።

እስከ ዛሬ ከምልክልሽ መልእክት ሁሉ ሥር «እማዬና አባዬ» ብዬ ነበር የምጽፈው። የዛሬው እንዲህ ነው፤

እናትሽ ጠጅቱ